«05/13/2015» መቼ ነው?

አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ከወረቀት መዝገብ ላይ ሦስት ቀኖችን ወደ ኤክሴል ይገለብጣል እንበል። የመጀመሪያው 12/05/2016 ነው፤ ጥር 12። ሁለተኛው 30/02/2016፤ ጥቅምት 30። ሦስተኛው 05/13/2015፤ ጳጉሜን 5። ሦስቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሦስቱም ቀን ቀድሞ ወር ተከትሎ የተጻፉ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን የተዘጋጀው በአሜሪካ እንግሊዝኛ ነው፤ አገሩና የቀን አጻጻፉ ይስተካከል ያለም ሰው የለም።

ሠራተኛው እየጻፈ ወደሚቀጥለው መስመር ሲወርድ የመጀመሪያው ቀን ወደ ሳጥኑ ቀኝ ጠርዝ ይንሸራተታል። ሁለተኛው ግራ እንደያዘ ይቀራል። ሦስተኛው እንደገና ቀኝ ይይዛል። ነገሩ ተራ የውበት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ኤክሴል ቀን ወይም ቁጥር ነው ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ፣ ተራ ጽሑፍ ነው ያለውን ወደ ግራ ያስጠጋል። ስለዚህ 12/05/2016ን «ዲሴምበር 5 ቀን 2016»፣ 05/13/2015ን ደግሞ «ሜይ 13 ቀን 2015» ብሎ አንብቧቸዋል። 30/02/2016 ግን በየትኛውም በኩል ቢገለበጥ አልሆነለትም። ሠላሳኛ ወር የለም፤ ፌብሩዋሪም 30 ቀን የላትም።

ትክክለኛው ልክ ሌላ ነው። ጥር 12 ቀን 2016 ማለት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2016 ኖቬምበር 10 ቀን 2023፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ደግሞ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023። ኮምፒውተሩ አንብቤያለሁ ያላቸው ሁለቱ ቀኖች በሰባትና በስምንት ዓመት ተዛንፈዋል። ጉዳት ያላደረሰው አላነብም ያለው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ንባብ የሚሠራው በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ፋንክሽን የሚባል ትንሽ ክፍል ነው። ፋንክሽን እንደ ወፍጮ ነው፤ አንድ ነገር ይገባበታል፣ ሌላ ነገር ይወጣል። እዚህ ላይ የሚገባው የፊደልና የአሃዝ ተርታ ነው፤ ባለሙያዎቹ ስትሪንግ ይሉታል። የሚወጣው ቀን ነው። ሥራውንም «ፓርስ ማድረግ» ብለው ይጠሩታል። ስልክ በደረሰ መልእክት ውስጥ የቀጠሮ ቀን አይቶ ከሥሩ ሲያሰምርበት፣ በኢሜይል የመጣ የአውሮፕላን ትኬት ራሱ ወደ ካላንደር ሲገባ፣ ከጀርባ የሚሠራው ይኸው ፋንክሽን ነው።

የሚወጣው «ቀን» ግን ሰው የሚያውቀው ዓይነት ቀን አይደለም፤ ቁጥር ነው። ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓትና በዝርያዎቹ አንድ ቅጽበት የሚለካው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ወዲህ ባለፉት ሰከንዶች ነው፤ ዕለቱ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ኤክሴል በበኩሉ ቀን ይቆጥራል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይጀምርና የ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ላይ ሲደርስ 45546 ይላል። በነገራችን ላይ በዚህ ቆጠራ ውስጥ ያልኖረ አንድ ቀን ተሰንቅሯል። ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 የሚባል ዕለት አልነበረም፤ ኤክሴል ግን 60ኛው ቀን አድርጎ ይቆጥረዋል። ስህተቱ የቀዳሚው የሂሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም፣ የሎተስ 1-2-3 ነበር። የሎተስ ፋይሎች ኤክሴል ውስጥ ሲከፈቱ እንዳይዛነፉ ሲባል አብሮ ተወረሰ፤ እስከ ዛሬም አለ።

ቀን አንባቢ ፋንክሽኖች በጠባያቸው ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ጥብቅ ነው። ከሲ ቋንቋ ዘመን ጀምሮ የሚታወቀው ስትርፒታይም የዚህ ወገን አባት ነው ማለት ይቻላል። ጽሑፉን ብቻ ሰጥተውት አይሠራም፤ የጽሑፉን መልክ አብረው መንገር አለባቸው። «መጀመሪያ ቀን፣ ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ ወር፣ እንደገና እዝባር፣ በመጨረሻ ባለ አራት አሃዝ ዓመት» ይሉታል። ከዚህ መልክ የወጣ ነገር ከመጣ ስህተት ነው ብሎ ይመልሳል። ክርክር የለም።

ጥብቅ የተባለውም ቢሆን መገመቱ የማይቀርበት ቦታ አለ፤ ዓመቱ በሁለት አሃዝ ሲጻፍ። ፖዚክስ በሚባለው ደንብ መሠረት ከ69 እስከ 99 ያለው የ1900ዎቹ፣ ከ00 እስከ 68 ያለው የ2000ዎቹ ይሆናል። በ57 የተወለዱ እናት ገና በ2057 ሊወለዱ ነው ማለት ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ዓመትን በሁለት አሃዝ መጥራት ይወዳል። «የ66ቱ አብዮት» በዚህ ደንብ ወደ 2066 ይሻገራል። «የ97ቱ ምርጫ» 1997 ሆኖ በትክክል የተነበበ ይመስላል፤ ማሽኑ ያሰበው ግን የፈረንጆቹን 1997 ስለሆነ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተንሸራቷል።

ሁለተኛው ወገን ገማቹ ነው። ምንም ሳይነገረው የተሰጠውን ሁሉ ለማንበብ ይሞክራል፤ ለዚህም ይወደዳል። በፓይተን ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች ዴትዩቲል የሚባለውን መሣሪያ የሚወዱት ለዚሁ ነው። 03/04/2024 ቢሰጠው እንደ አሜሪካኖቹ ወር ይቀድማል ብሎ ማርች 4 ይላል። 13/04/2024 ሲሰጠው ግን አሥራ ሦስተኛ ወር እንደሌለ ስለሚያውቅ ፈጥኖ ይገለብጠውና ኤፕሪል 13 ይላል። ለአንድ ቀን ብልህነት ነው። ከለንደን ወይም ከናይሮቢ የመጣ፣ ሙሉ ዓመት የያዘ ፋይል ሲሆን ግን ከየወሩ ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀኖች ከወራቸው ጋር ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ከ12 በላይ ያሉት ትክክል ይሆናሉ። 5/5 እና 8/8 በዕድላቸው ይተርፋሉ። ፕሮግራሙ አንድም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ፋይሉን የሚያየው ሰውም ከግማሹ በላይ ትክክል ስለሆነ አይጠረጥርም። ይኸው መሣሪያ «ማርች 2024» ብቻ ተብሎ ቢሰጠው የጎደለውን ቀን ከዕለቱ ይበደራል። በወሩ 7ኛ ቀን ካስኬዱት ማርች 7፣ በ20ኛው ካስኬዱት ማርች 20 ነው መልሱ።

በፒኤችፒ ቋንቋ ደግሞ ምልክቷ አገር ትለውጣለች። በቁጥሮቹ መካከል ያለው እዝባር ከሆነ የአሜሪካ አጻጻፍ ነው ተብሎ ወር ይቀድማል፤ ሰረዝ ወይም ነጥብ ከሆነ የአውሮፓ ነው ተብሎ ቀን ይቀድማል። በክሮም ብሮውዘር ላይ ያለው የጃቫስክሪፕት ቀን አንባቢ ከዚህም ይብሳል። በእንግሊዝኛ ፊደል «ሄሎ 1» ብለው ቢሰጡት ሰላምታውን ወደ ጎን ትቶ ጃንዋሪ 1 ቀን 2001 ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ያለውን ፋንክሽን ተማምኖ «ቀን መሆኑን ካወቀው ቀን ነው» ብሎ የሚሠራ ፕሮግራመር የቤት ቁጥርንም የልደት ቀን ሊያደርግ ይችላል።

የግምት ዋጋ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል በደንብ የታየው በዘረመል ሳይንስ ነው። ተመራማሪዎች ለሰው ዘረመሎች አጫጭር ስም ያወጣሉ። ከእነዚህ መካከል «ሴፕት2» እና «ማርች1» የሚባሉ ነበሩ። የዘረመል ዝርዝር ኤክሴል ላይ ሲለጠፍ ፕሮግራሙ ቀን ያገኘ ይመስለውና ሴፕት2ን ሴፕቴምበር 2፣ ማርች1ን ማርች 1 ያደርገዋል። ለዓይን ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ውስጡን ወደ ቀን ቁጥር ስለሚቀይረው ዋናው ስም ይጠፋል። ችግሩ እ.ኤ.አ. በ2004 በጥናት ተጽፎ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በ2016 ጂኖም ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የዘረመል ዝርዝር በኤክሴል አያይዘው ያወጡ የምርምር ጽሑፎችን ፈትሾ ከአምስቱ በአንዱ ያህል ይህን መሰል ስህተት አገኘ። እዚህ ላይ ማን ለማን እንደተንበረከከ ማየት ይገርማል። በ2020 የዘረመሎችን ስም የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ስሞቹን ቀየረ። ሴፕት2 ሴፕቲን2፣ ማርች1 ማርችኤፍ1 ሆኑ። የሰው ዘር ዘረመል ለሂሳብ ሠንጠረዥ ሲባል ስሙን ለወጠ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ይህን አውቶማቲክ ለውጥ ማጥፊያ ቁልፍ በኤክሴል ላይ የጨመረው ከዚያ በኋላ፣ በ2023 ነው።

ለዚህ ሁሉ ግርግር መፍትሔ ይሆናል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ አይኤስኦ 8601 ይባላል። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፤ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ በሰረዝ እየተለየ። 2024-09-11 ተብሎ ሲጻፍ ሴፕቴምበር ይሁን ኖቬምበር የሚከራከር የለም፤ በፊደል ተራ ሲደረደርም በጊዜ ተራ ይሰለፋል። መልካም ነው። ነገር ግን ደረጃው የቆመው በጎርጎርዮስ ካላንደር ላይ ብቻ ነው። አንድ ሰው ጥር 12 ቀን 2016ን ሥርዓት ጠብቆ 2016-05-12 ብሎ ቢጽፍ ልብሱ የተሟላ፣ ማንም በር ላይ የማያስቆመው ስህተት ሠራ ማለት ነው። ማሽኑ ያለ ምንም ጥርጣሬ ሜይ 12 ቀን 2016 ብሎ ይቀበለዋል።

በዚህ ጥርት ባለ አጻጻፍም ቢሆን ሰዓት ጣልቃ ይገባል። ጃቫስክሪፕት 2024-09-11 የሚል ቀን ብቻ ሲሰጠው የግሪንዊች እኩለ ሌሊት ያደርገዋል። አዲስ አበባ ያለ ፕሮግራመር ይህን ሲከፍት ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ መስከረም 1 ሆኖ ያያል፤ ሁሉም ሰላም ነው። ዋሽንግተን ያለችው ተጠቃሚ ስትከፍተው ግን ገና ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው፤ ቀኑም ሴፕቴምበር 10። እንቁጣጣሽ የተባለው ዕለት እሷ ስልክ ላይ ጳጉሜን 5 ሆኖ ይታያል።

አሁን ማሽኑ ከአማርኛ ጽሑፍ መሃል ቀን ፈልጎ እንዲያወጣ ይታዘዝ። የመጀመሪያው እርምጃ ቅጥ መጻፍ ነው። «የወር ስም፣ ክፍት ቦታ፣ አንድ ወይም ሁለት አሃዝ፣ ምናልባት ‹ቀን› የሚል ቃል፣ አራት አሃዝ» ተብሎ በምልክት ይጻፋል። እንዲህ ያለውን የቅጥ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሂሳብ የመሠረተው ስቲቨን ክሊኒ ነው፤ ኬን ቶምፕሰን በ1960ዎቹ መጨረሻ ጽሑፍ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ አስገባው። «ሐምሌ 5 ቀን 2016» ያለምንም ችግር ይያዛል።

ችግሩ ሐምሌ ራሱ ነው። አንዱ ሐምሌ፣ ሌላው ሀምሌ፣ ሦስተኛው ሃምሌ ብሎ ይጽፈዋል። ኅዳር፣ ህዳር፣ ሕዳር። ታኅሣሥ፣ ታህሳስ፣ ታሕሳስ። ነሐሴ፣ ነሃሴ። ጳጉሜን፣ ጳጉሜ። ለሰው ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ እያንዳንዱ የተለያየ ቃል ነው። ስለዚህ የአማርኛ ቀን አንባቢ የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሀን ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ወንፊት ያዘጋጃል። የቋንቋ መምህራን ሊቆጡ ይችላሉ፤ ወንፊቱ ግን ለማሽኑ ዓይን ብቻ ነው፣ ዋናው ጽሑፍ አይነካም። በወሩ ፊት የሚለጠፉትም አሉ፦ በሐምሌ፣ ከሐምሌ፣ የሐምሌ፣ ለሐምሌ። «ከሐምሌ 1 እስከ 30» ውስጥ 30 የማን ወር እንደሆነ ለሰው ግልጽ ነው፤ ለቅጡ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ደንብ ያስፈልገዋል።

ከዚያ አንዲት ፊደል ትመጣለች። «እ.ኤ.አ.» እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «እ.ኢ.አ.» እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር። በኤ እና በኢ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ቅጥያ ስትሆን የምታዛንፈው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ፎቶ ከተነሳ ወረቀት ላይ ፊደል የሚለቅም ፕሮግራም እነዚህን ሁለቱን ቢያምታታ አይፈረድበትም፤ ሰውም በችኮላ ያምታታቸዋል።

የግዕዝ ቁጥር ደግሞ የራሱ ዓለም ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ሲገባ ፩፣ ፪፣ ፫ም አብረው ገብተዋል። ነገር ግን የአሠራራቸው ሂሳብ ዜሮ የለውም፤ በቦታም አይባዛም። ፳፻፲፯ ማለት ሃያ ጊዜ መቶ፣ ሲደመር አሥር፣ ሲደመር ሰባት ነው። ስለዚህ ዩኒኮድ ከ0 እስከ 9 ካሉት አሃዞች ጋር በአንድ መደብ አላስቀመጣቸውም፤ በቅጥ ቋንቋው «ማንኛውም አሃዝ» የሚለው ምልክትም አያያቸውም። በፓይተን ላይ የሚታየው ትዕይንት ያስቃል። ፩ን «አሃዝ ነህ ወይ?» ብለው ቢጠይቁት አዎ ይላል። «እንግዲያው ቁጥር ሁን» ሲሉት ስህተት ነው ብሎ ይቆማል። የመጽሐፍ ሽፋን ላይ «መስከረም ፩ ቀን ፳፻፲፯» የሚለውን ለማንበብ ፕሮግራመሩ የራሱን መደመሪያ መጻፍ አለበት። ደግነቱ አሥር መስመር የማይሞላ ሥራ ነው።

ቁጥር የሌላቸው ቀኖችም አሉ። «ለኅዳር ሚካኤል እመጣለሁ» ያለ ሰው ቀን ሰጥቷል፤ ኅዳር 12። ታኅሣሥ ገብርኤልም ታኅሣሥ 19 ነው። ይህን ሠንጠረዥ ለማሽኑ ማስተማር ይቻላል፤ ከወር ስም ጋር ካልመጣ ግን «ሚካኤል መጣ» የሚለው ሁሉ የወሩ 12 እንዳይሆን መጠንቀቅ ያሻል። «ለፋሲካ» ሲባል ደግሞ ሠንጠረዥ አይበቃም፤ የባሕረ ሐሳብ ስሌት ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ቀላል የሚመስለው ነው፦ «የዛሬ ሳምንት»። «የዛሬ ሳምንት ተመረቀች» ሲባል ሰባት ቀን ወደ ኋላ ነው። «የዛሬ ሳምንት ትመረቃለች» ሲባል ሰባት ቀን ወደ ፊት። ሐረጉ አንድ ነው፤ አቅጣጫውን የሚነግረው በዓረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ ያለው ግሥ ብቻ ነው። ቅጡ ቀኑን ከሩቅ አንሥቶ ይዞ እስከ ግሡ ድረስ መጓዝ አለበት። ግሥ የሌለው ማስታወቂያ ላይ «የዛሬ ሳምንት ምርቃት» ተብሎ ቢጻፍ ማሽን ቀርቶ አላፊ አግዳሚውም ያመነታል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ማክሰኞ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚለውን ቀጠሮ «3»ን ብቻ አይቶ የመዘገበ ስልክ ባለቤቱን በእንቅልፍ ሰዓት ይቀሰቅሰዋል።

ለካላንደሩ ለውጥ ራሱ መሣሪያ አልጠፋም። አይሲዩ የሚባለው ነፃ የፕሮግራም ስብስብ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። ብሮውዘሮችም በዚሁ መንገድ የዛሬን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማሳየት ይችላሉ። ማሳየት ነው እንጂ ማንበብ አይደለም። ከጽሑፍ ወደ ቀን የሚወስደው መንገድ ለባለሙያው የተተወ ነው።

መንገዱ ሲሳት የሚታየው ብዙውን ጊዜ ባሕር ማዶ ነው። ጥር 12 ቀን 1980 የተወለደ ሰው ወደ አሜሪካ ሲሄድ ቅጽ የሚሞላለት ሰው ጥርን በጃንዋሪ ተክቶ፣ ዓመቱ ላይ ስምንት ደምሮ ጃንዋሪ 12 ቀን 1988 ይጽፍለታል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 21 ነው። በኋላ ሌላ ሰነድ በደንብ ተሰልቶ ሲመጣ አንዱ ወረቀት 12፣ ሌላው 21 ይላል፤ ከዚያ ዘጠኙን ቀን ማስረዳት ይመጣል። በጳጉሜን የተወለደውማ ይባስ ብሎ የሚተካለት የፈረንጅ ወር እንኳ የለውም።

ወደ ሂሳብ ሠራተኛው ሦስት ሳጥኖች እንመለስ። ጠንቃቃ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚያደርገው የተጻፈውን እንዳለ በአንድ ዓምድ ማስቀመጥ ነው፤ የተነበበው ቀን ከጎኑ በሌላ ዓምድ ይገባል፣ ካላንደሩ በሦስተኛው። ከዚያ አንዱን ቀን ብቻ ሳይሆን ዓምዱን በሙሉ ያየዋል። በመዝገቡ ውስጥ አንድም ቦታ 31 የሚል ቀን የለም። 05/13/2015 ብቻውን የአሜሪካ ሜይ 13 ሊሆን ይችል ነበር። 30/02/2016 ግን በጎርጎርዮስ ካላንደር በፍጹም አይኖርም፤ በኢትዮጵያ ግን ጥቅምት 30 ነው። ኤክሴል ወደ ግራ ገፍቶ የተወው ያ ሳጥን የመዝገቡን ካላንደር ይናገራል፤ በእሱ ምስክርነት 05/13 ጳጉሜን 5፣ 12/05ም ጥር 12 ይሆናሉ። መዝገቡ ላይ 12/05/2016 ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ከጻፈው ሰው በስተቀር የሚያውቅ አይኖርም ነበር።